የደጋን ሠሪው መሐረቦች

ሚርኩር፣ ሰኞ መስከረም 12 ቀን 1927 (እ.ኤ.አ.)

ይህን ደብተር የሰጠኝ ዋርሳዬ ሲልቬር ነው። «ጻፊበት ዜሊ፤ ምላስሽም ይረፍ፣ የእኛም ጆሮ ይረፍ» አለኝ። ሳቅሁበት እንጂ እውነቱን ነው። ስሠራም አወራለሁ፣ ሳጥብም አወራለሁ፤ ባሌ ኤቫሪስት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከ«እህ» ሌላ መልስ አልተማረም። እሱ የቫዮሊን ደጋን ይሠራል። እኔ ደጋኑ ላይ የሚወጠረውን የፈረስ ጭራ አንድ በአንድ እመርጣለሁ፣ አበጥራለሁ፣ እወጥራለሁ። ወንድሙ ሲልቬርም ደጋን ሠሪ ነው፤ ሱቁ ከእኛ ሁለት በር ዝቅ ብሎ ነው። «በዚህ ከተማ ሲሶው ቫዮሊን ይሠራል፣ ሲሶው ደጋን ይሠራል፣ የቀረው ሰው ያማል» የሚለው እሱ ነው።

ለመጀመሪያው ቀን የሚጻፍ አላጣሁም። ሙሴ ኤርቤሞን ከናንሲ በጠዋቱ ባቡር መጡ። የቫዮሊን አስተማሪ ናቸው፤ አርጅተዋል፤ ደረጃችንን ሲወጡ ሁለቴ ቆሙ። ከሐር ጨርቅ ውስጥ አንድ አሮጌ ደጋን ሲያወጡ ኤቫሪስት ብድግ ብሎ እጁን በሽርጡ ጠረገ። እንደዚያ አድርጎ ሲጠርግ ያየሁት የሰርጋችን ቀን ብቻ ነው።

ደጋኑ መቶ ዓመት አልፎታል። ማኅተም የለበትም፤ ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ኤቫሪስት ግን ልጅ ሳለ አባቱ ዘንድ ለጥገና መጥቶ አይቶታል፤ ከዚያ ወዲህ የሠራውን ሁሉ በልቡ ከእሱ ጋር እያስተያየ «አልሆነም» ሲል ኖረ። አሁን የደጋኑ ራስ ተሰንጥቋል፤ ከእንግዲህ ውጥረት አይችልም።

«ወንድም ይሥሩለት» አሉት ሙሴ ኤርቤሞን። «በኅዳር፣ ለሙዚቀኞች ጠባቂ ለቅድስት ሴሲል በዓል፣ የልጅ ልጄ ትጫወትበት። እኔም ልስማውና ከዚያ በኋላ እግዜር እንዳሻው ያድርገኝ።»

«እህ» አለ ኤቫሪስት።

እሳቸው እንደሄዱ ጣሪያ ሥር ወጣና አባቱ እሱ በተወለደበት ዓመት የገዙትን ቀይ ሳንቃ ይዞ ወረደ። ኃምሳ ሰባት ዓመት የተቀመጠ እንጨት! ለምን እንደሚያስቀምጠው ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ዛሬ ሳልጠይቀው መለሰልኝ። «ለዚህ» አለ።

ቅዳሜ መስከረም 17

ሳንቃውን ሰነጠቀው። ከብራዚል በመርከብ የመጣ እንጨት ነው፤ ብናኙ የተፈጨ ጡብ ይመስላል። አልጋው፣ መጋረጃው፣ ዳቦው ሳይቀር ቀላ። ይህ ብናኝ የአመድ ውሃ ሲነካው ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ስለዚህ የደጋን ሠሪ ሚስት ወንዝ ስትወርድ በእጥበቷ ትታወቃለች። የቤታችን መሐረብ ሁሉ የጳጳስ ልብስ ነው የሚመስለው።

ሲያስል ዋለ። እንጨት ሲሰነጥቅ ሁልጊዜም ያስላል።

ሐሙስ መስከረም 29

ጭራ ስወጥር ያበጠብኝን አውራ ጣት ሊያይልኝ አዲሱ ዶክተር መጣ። ከፓሪስ የመጣ ልጅ እግር ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል። ጣቴን አሽጎልኝ ሊወጣ ሲል ወንበር ላይ የተጣለውን የኤቫሪስትን መሐረብ አየና ፊቱ ልውጥ አለ።

«ማዳም፣ ይህ የማነው?»

እኔ ሳቄ መጣ። «አይ ዶክተር! እርስዎ ገና ነዎት። እዚህ አገር ደጋን ሠሪ ሲያስለው ቀይ ነው። እንጨቱ እኮ ነው!»

ሲልቬርም ነበረ። «የእኔን ቢያዩማ ቄስ ያስጠሩልኝ ነበር» አለው።

ምስኪን፣ እስከ ጆሮው ቀላ። ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ። ኤቫሪስት ከሥራ ጠረጴዛው ቀና አላለም።

ሰኞ ጥቅምት 3

ወንዙ ቀዝቅዟል። ጣቴ ያመኛል።

ሁለት መሐረብ ወይን ጠጅ አልሆን አሉኝ። የአመድ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው፣ አሸኋቸው፣ ጭራሽ ቡናማ ሆነው ቀሩ። ጎረቤቴ ፊሎሜን አጠገቤ ተንበርክካ ታጥብ ነበር፤ ባሏን በደረት በሽታ ከቀበረች አራት ዓመቷ ነው። ብዙ ጊዜ አየቻቸው።

«እነዚህን በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚነክሯቸው» አለችኝ።

«የእንጨት ቀለም በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል እንዴ?»

«የእንጨትስ አይለቅም» አለችና ወደ ቅርጫቷ ዞረች።

ከሞት ቤት ወጥታ አታውቅም ሴትዮዋ፤ ነገሯ ሁሉ እንዲህ ነው። አመዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ያነደድነው ጥድ ነበር፤ የጥድ አመድ ደካማ እንደሆነ ማንም ያውቃል።

እራት ላይ ለኤቫሪስት ነገርኩት። «አመዱ ደከመ መሰለኝ፣ ሁለቱ መሐረብህ ወይን ጠጅ አልሆኑም» አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሁለቱ?»

«ሁለቱ።»

«እህ» አለ።

ሰኞ ጥቅምት 10

ተመስገን! ከዳቦ ቤቱ የባሉጥ እንጨት አመድ ለምኜ አመጣሁ፤ መሐረቦቹ አንድም ሳይቀሩ ወይን ጠጅ ሆኑ። እንደውም እንደዛሬ ደምቀው አያውቁም። ለፊሎሜን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። «አየሽ? አመዱ ነበር!»

«እግዜር ይመስገን» አለች። ግን አልሳቀችም። ሰው ደስ ሲለው አብሮ ደስ የማይለው ሰው አለ።

ሐሙስ ጥቅምት 20

ዛሬ ዘንጉን አጎበጠው። ከሥራው ሁሉ አስፈሪው ይህ ነው። ዘንጉን እሳት ላይ እያንቀሳቀሰ ያሞቀዋል፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በቀስታ ይጫነዋል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል፣ እንደገና እሳት ላይ። ጥቂት ከቆየ ይቃጠላል፣ ጥቂት ከቸኮለ ይሰበራል። ሳንቃው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

እሳቱ ላይ እንዳለ ሳል ያዘው። ጎንበስ ብሎ እስኪሰበር ያስላል፤ እጁ ግን ዘንጉን ከእሳቱ አርቆ በአየር ላይ ይዞታል፣ አይነቃነቅም። ሌላው ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ያቺ እጁ ብቻ አትንቀሳቀስም። ልይዝለት ብነሳ በዓይኑ መለሰኝ።

ሲልቬር ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ስጠኝ እኔ ላጉብጠው፤ አንተማ ኤሊ ናንሲ ደርሳ ስትመለስ እዚሁ ነህ» አለው።

«ያንተ እጅ ይቸኩላል።»

«የእኔ እጅ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዷል፤ ያንተ ገና እያሰበ ነው!»

ኤቫሪስት ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት። ሲልቬር መሳቁን ቶሎ አቆመ፤ እኔን አየኝ። ምን ያየኛል? ቅዝቃዜው ነው። በየቤቱ ሰው ያስላል።

ከዚያ በኋላ እሳቱ ላይ ሲሆን ትንፋሹን ይዞ ነው። ሳይታወቀኝ እኔም አብሬው እይዛለሁ።

ማክሰኞ ኅዳር 1

የቅዱሳን ሁሉ በዓል። አበባ ይዘን አባቱ መቃብር ወጣን። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ፣ «ከተማውን ልየው» እያለ። ኃምሳ ሰባት ዓመት ያየውን ከተማ።

መቃብሩ ላይ ቆቡን አወለቀ። «ራሱ ወጣ» አለው ለአባቱ። የደጋኑን ራስ ማለቱ ነው፤ ትናንት ቀርጾ ጨረሰው። እኔም አየሁት። አፍንጫው ቀና ያለ፣ እንደ ፈረስ ግልገል ራስ፣ ሊያሽካካ የፈለገ የሚመስል።

ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አለ። እሱ ነው የበሳው። ድንች አሳንሼበት ይሆናል።

ሰኞ ኅዳር 7

ዘንጉ አለቀ። ቀዩን እንጨት ጨርሶ ጥቁሩን ጀመረ፤ ሙዚቀኛው በጣቱ የሚይዘውን ክፍል፣ ከዞጲ። የዞጲ ብናኝ እንደ ጥላሸት ነው፤ እጅጌው ጠቁሯል፣ አፍንጫው ጠቁሯል። ሲልቬር፣ «ከሰል ነጋዴ ሆነህልን፤ ሁለት ጆንያ ላክልኝ» አለው።

ሰኞ ኅዳር 14

ስድስት መሐረብ አጠብኩ። ሁሉም ወይን ጠጅ። ደህና።

ደክሞኛል።

ቅዳሜ ኅዳር 19

ጭራ እየመረጥኩ ነበር። ለዚህ ደጋን የሚሆነውን ከመስከረም ጀምሮ ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ነጭ፣ ረጅም፣ አንድም የተቆረጠ የሌለበት። ኤቫሪስት ዞጲውን ይሞርዳል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብናኙ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ይታየኝ ነበር። ጥቁር ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውም ጥቁር፣ ወለሉም ጥቁር።

አሳለ። መሐረቡን አውጥቶ ጠረገና ወደ ኪሱ መለሰው። ቀይ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀዩን እንጨት አልነካም።

ይህን ጻፍኩና ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። ተመልሼ አነበብኩት። ያው ነው።

ታዲያ ሰኞ ያጠብኳቸው ስድስቱ እንዴት ወይን ጠጅ ሆኑ? እሱስ ከሆነ ደግ አይደል? ወይን ጠጅ ሆነዋል። በዓይኔ አይቻለሁ። እንጨት ናቸው።

ከየት የመጣ እንጨት?

ማክሰኞ ኅዳር 22

ቅድስት ሴሲል። ደጋኑ አልደረሰም፤ ለሙሴ ኤርቤሞን ቀድሜ ጽፌላቸው ነበር። «በዓሉ በየዓመቱ ይመጣል፤ አይጣደፉ» ብለው መለሱ። ይህን ለኤቫሪስት ሳነብለት መስኮት መስኮቱን አየ።

ቅዳሴ ሄድን። ቫዮሊን ሠሪዎችና ደጋን ሠሪዎች እንደ ልማዳቸው ቦታ ሲሻሙ፣ ሲጎሻሸሙ። ከቅዳሴ በኋላ በሙያ ማኅበሩ ግብዣ ላይ ኤቫሪስት ሾርባውን አማሰለ እንጂ አልቀመሰም፤ ቀድሞ ወደ ቤት ሄደ። ሲልቬር ሚራቤል የሚሉትን የፕሪም አረቄ ጠጥቶ ሞቅ ብሎት አጠገቤ ተቀመጠ።

«እኔ የምልሽ ዜሊ፣ ሱፉ አላለቀም እንዴ?»

«የምን ሱፍ?»

«የምትነክሪው ነዋ! ባልሽ በየሳምንቱ የአባታችንን የሱረት ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል፣ ከወለሌ ላይ ቀይ ብናኝ አፍሶ ይሄዳል። ‹ዜሊ ሱፍ ልትነክር ነው› ይለኛል። ምን ልትሠሪ ነው፣ ለፈረስ ካፖርት?»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። አሰበ። «ጥቅምት መጀመሪያ» አለ።

ስለ አመዱ ለኤቫሪስት የነገርኩት ጥቅምት 3 ነው። የቤታችንን ወለል የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቢያፍስ አውቅ ነበር።

«አዎ፣ ሱፍ ነው» አልኩት። «ሻርብ ነው የምሠራው።» ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። በሕይወቴ ሲልቬርን ዋሽቼው አላውቅም። ሞቅታው ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት። እሱም አውቋል። እኔም እንዳወቅሁ አውቋል። «ሻርብ ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ክረምቱ ከባድ ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ ኤቫሪስት ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በክት ልብሱ፣ ይሞርዳል።

ሐሙስ ኅዳር 24

ነጭ ሱፍ ገዛሁ። ከሲልቬር ወለል ቀይ ሰጋቱራ ጠርጌ አመጣሁ፣ አፈላሁና ነከርኩት። ፊሎሜን በአጥር አሻግራ፣ «ምን እየቀቀልሽ ነው?» ስትለኝ «ሻርብ» አልኳት። እሷ እንኳ ሳቀች።

አንድ ጊዜ ሱፍ ከተባለ ሱፍ መሆን አለበት። ውሸት አይሁንበት።

እሑድ ኅዳር 27

ሁለት ቀን ሙሉ ስሠራው ነበር። ዛሬ ሻርቡን አንገቱ ላይ ጠመጠምኩለት። ቀለሙን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ብዙ ጊዜ አየኝ። እኔ፣ ወሬ የማያልቅብኝ ሴትዮ፣ ጫፉን ብቻ አስተካከልኩለት። 

«ይሞቃል» አለ።

ሰኞ ኅዳር 28

ዶክተሩን ራሴ ሄጄ ጠራሁት። ጀርባው ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፣ አንኳኳ። ደረጃው ላይ ሸኘሁት።

«ማዳም፣ በመስከረም ብናየው ኖሮ…» አለና ዓይኔን ሲያይ ቦርሳውን ዘጋ። ጥሩ ልጅ ነው። ጫማው ዛሬም ያብረቀርቃል።

ሳቅሁበት። እንጨቱ እኮ ነው ብዬ ሳቅሁበት። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይባላል፤ እኔም ይህንኑ ስመላልስ ዋልኩ። ሠላሳ ዓመት ቀለሙን አጥቤ፣ ከእኔ የበለጠ የሚለየው ማን ነበር? ደንቆሮ ብሆን እግዜር ይቅር ይለኝ ነበር። ግን ዐዋቂ ነኝ ብዬ ነው የሳቅሁት።

ዶክተሩ ከጠረጴዛው ይራቅ ብሏል። ለኤቫሪስት ነገርኩት።

«ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ እንደሚለኝ አውቃለሁ» አለ። «ለዚህ ነው ያልጠራሁት።»

«እኔንስ ለምን ደበቅከኝ?»

ሞረዱን አገላበጠው። «አንቺማ ብታውቂ መሣሪያውን ትደብቂብኝ ነበር።»

እውነቱን ነው። እደብቀው ነበር። ወንዝ ውስጥ እጥለው ነበር።

ዛሬ ግን አልደበቅሁም። ወንበሩን ወደ ምድጃው አስጠጋሁለትና አጠገቡ ተቀምጬ ጭራዬን መረጥኩ።

ዓርብ ታኅሣሥ 2

ጨረሰ።

የብሩን ጌጥ ገጠመ፣ ቡሎኑን አጠበቀ፣ ሁለቱን ደጋኖች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስተኛቸው። ሲልቬር ገብቶ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «አንተ ኤሊ» አለው። «አንተ እርጉም ኤሊ።»

«ማኅተም አታድርጉበት» አለ ኤቫሪስት። «ታላቁ የለውም።»

ከዚያ አልጋው ላይ ደገፍ አደረግነው። ሲልቬር ሲወጣ ኤቫሪስት እጄን ያዘኝ።

«ጭራው ቀረ» አለ። «አንቺ ነሽ እንግዲህ።»

«ደርሷል፤ ከመስከረም ጀምሮ ተለይቷል።»

«አውቃለሁ። ስትመርጪ አያለሁ።» ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። «ያለ ጭራ እኮ የእኔ ሥራ ውሻ ማባረሪያ ዱላ ነው።»

በሠላሳ ዓመት ስለ ሥራዬ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ በሽርጤ አፌን ያዝኩ።

ረቡዕ ታኅሣሥ 7

ሰኞ አረፈ። የቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ፤ ልጆች ከታች በመንገዱ እየዘፈኑ ያልፉ ነበር። ሲልቬር ዝም ሊያሰኛቸው ሲነሳ ኤቫሪስት በእጁ ከለከለው።

ዛሬ ቀበርነው። ከሻርቡ ጋር።

ሐሙስ ታኅሣሥ 15

አልወጠርኩትም። ጭራው እዚያው ነው፣ ዘንጉም እዚያው። ሲልቬር በየቀኑ ይመጣል፣ ያያል፣ ሳይቀልድ ይሄዳል። እሱ ካልቀለደ ቤቱ ይጨልማል።

ከተወጠረ ይሄዳል። ከቤት ይወጣል። ይኸው ነው ምክንያቱ፤ ጣቴ አይደለም።

ፊሎሜን ሾርባ ይዛ መጣች። የባሏን የመጨረሻ ቫዮሊን አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ደብቃ እንደነበር ነገረችኝ። «ከዚያስ?» አልኳት። «ከዚያ ብል ገባበት» አለች። ሁለታችንም ተያየንና፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 20

ትናንት ወጠርኩት። ጭራውን አርጥቤ አበጠርኩ፣ ጫፉን በክር አሰርኩ፣ ራሱ ውስጥ ካለችው ትንሽ ጉድጓድ አስገብቼ በሽብልቅ ቆለፍኩ። ሽብልቋን ኤቫሪስት ቀርጾ አስቀምጦልኝ ነበር፤ ልክ ገባች፣ አንድም ጊዜ መሞረድ አላስፈለጋትም።

ዛሬ ሙሴ ኤርቤሞን ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ሶላንዥ ትባላለች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ እጇ ቀዝቅዞ እፍ እፍ ትልበታለች። ሽማግሌው ሁለቱን ደጋኖች አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አገላበጧቸው፤ ከዚያ አንዱን ለእሷ ዘረጉላት።

«አይ፣ ሙሴ ኤርቤሞን» አልኳቸው። «እሱ አሮጌው ነው።»

መነጽራቸውን አውጥተው ስንጥቁን ፈለጉ። ሲያገኙት ተቀመጡ፤ ብዙ ጊዜ አልተነሱም። ኤቫሪስት ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ። «እህ» ይል ነበር።

ልጅቷ ተጫወተች። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠየቅሁም። ሲልቬር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። እኔ ድምፁን አልሰማሁም ማለት ይቻላል፤ ጭራውን ነበር የማየው። አንድም አልተበጠሰም።

ወሰዱት። ሁለቱንም በአንድ ሐር ጠቅልለው።

ከሄዱ በኋላ አልጋውን ገፈፍኩ። ትራሱ ሥር የመጨረሻው መሐረብ አለ፤ ሁለት ሳምንት አይቼ እንዳላየ ሳልፈው ነበር። ቀይ ብናኝ አልነሰነሰበትም። ቆርቆሮው ድረስ የሚሄድበት ጉልበት አልነበረውም ያን ዕለት።

ወንዝ አልወረድኩም። ከጉድጓዱ ባልዲ ቀዳሁ፤ ውሃው እጅ ይቆርጣል። መሐረቡን፣ ፊሎሜን እንዳለችው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነከርኩት።